አክስቴ መድኃኒቷን ያቆመችበት ጽሑፍና የእኔ ምላሽ

ባለፈው ክረምት አክስቴ ቤት ቡና ልጠጣ ገባሁ። የስኳር መድኃኒቷ ሁልጊዜ ከሬዲዮኑ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ያን ቀን የለም። "መድኃኒቱስ?" አልኳት። "ተውኩት እኮ ልጄ፤ አሁን ይኼን ነው የምወስደው" ብላ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ አሳየችኝ። ውስጡ ቢጫ እንክብል ሞልቷል። ላዩ ላይ "አንቲኦክሲዳንት" ይላል። ከዚያ ስልኳን ከፍታ ያነበበችውን ሰጠችኝ። በቴሌግራም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር የደረሳት ረጅም ጽሑፍ ነው።

ቤቴ ገብቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባዮኬሚስትሪ ስለማስተምር ነገሩ ለእኔ የሥራም የቤተሰብም ጉዳይ ሆነ። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይኸውላችሁ። ፍሪ ራዲካል የሚባሉ መርዞች ፕሮቲኖቻችንን ይሰብራሉ። ሴል ራሱን ከእነሱ መከላከል አይችልም። ስለዚህ ከውጭ አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም እነሱን የሚያከሽፍ ነገር፣ መውሰድ ግዴታ ነው፤ በበዛ ቁጥርም ይሻላል፤ ለማንም ሰው ጉዳት የለውም። ጎመንና ሰናፍጭም የሚጠቅሙን አንቲኦክሲዳንት ስለሆኑ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት ሴልን የሚያስጨንቅ መድኃኒት ስለሆነ ቢቀር ይመረጣል ይላል።

ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። በጽሑፉ ውስጥ እውነትም አለ። ግን እውነቱና ስህተቱ ተቀላቅሎ አንዲት የ68 ዓመት ሴት መድኃኒቷን አስጥሏል። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

ጸሐፊው ፕሮቲንን የሚያዩት እንደ ጡብ ነው። አንዴ ተሠርቶ ግድግዳው ላይ ተቀምጧል። ፍሪ ራዲካል መጥቶ ይሸረሽረዋል። ከዚያ ግድግዳው ይዘማል። ለመረዳት ቀላል ሥዕል ነው። ዋናው ነገር ግን ከሥዕሉ ውጭ ቀርቷል።

ሰው ወደ 20,000 ገደማ ፕሮቲን የሚያሠሩ ጂኖች አሉት። ፕሮቲኑ ከተሠራ በኋላ ታሪኩ አያበቃም። ሴል ፕሮቲኑ ላይ ትናንሽ ኬሚካሎችን ይለጥፋል። ሲፈልግ ደግሞ ይነቅላል። አንዳንዴ የሚለጠፈው ፎስፌት ነው፤ አንዳንዴ አሴቲል፣ አንዳንዴ ስኳር። ዩቢኩዊቲን የሚባል ሌላ ትንሽ ፕሮቲን የሚለጠፍበትም ጊዜ አለ። በልጥፉ የተነሳ ያው ፕሮቲን ሥራ ይጀምራል ወይም ያቆማል። ቦታ ይቀይራል። ወይም እንዲፈርስ ይፈረድበታል።

ይህን ከአክስቴ የምርመራ ወረቀት ላይ ማንበብ ይቻላል። የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ የሚያውቀው የሦስት ወር ምርመራ አለ፤ ኤችቢኤ1ሲ ይባላል። ምርመራው የሚለካው የፕሮቲን ለውጥ ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር፣ ግሉኮስ፣ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ላይ ይለጠፋል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል። ስለዚህ ከሄሞግሎቢኑ ስንት ከመቶው ስኳር እንደተለጠፈበት ካየን፣ ያለፉት ሁለትና ሦስት ወራት እንዴት እንዳለፉ እናውቃለን። 6.5 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ መለኪያውን አልፏል ማለት ነው።

የሄሞግሎቢኑ ልጥፍ ማንም ሳያዘው፣ ስኳር ስለበዛ ብቻ የሚሆን ነው። ሴል ራሱ የሚያዝዘው ግን ይበልጥ ያስደንቃል። ሌሊት መንገድ ላይ ውሻ አባረራችሁ እንበል። አድሬናሊን ይለቀቃል። ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር በሰከንዶች ውስጥ መፈታት አለበት። አዲስ ኢንዛይም (የሴልን ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) እስኪሠራ ቢጠበቅ ውሻው ደርሷል። ደግነቱ ፎስፎሪሌዝ የሚባለው ኢንዛይም እዚያው ተኝቶ ይጠብቃል። አንድ ፎስፌት ሲለጠፍበት ይነቃል፤ ሲነቀልለት ተመልሶ ይተኛል። ይህን ያገኙት ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ ናቸው። ሥራውን የሠሩት በ1950ዎቹ ሲያትል ውስጥ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1992 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ዛሬ በሰው ውስጥ ፎስፌት የመለጠፍ ሥራ ያላቸው ከ500 በላይ ኢንዛይሞች እንዳሉ ይታወቃል።

አስፕሪንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ኮክስ1 የሚባል ኢንዛይም ላይ አሴቲል ይለጥፍና ያስቆመዋል። ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ኒውክለስ (ጂኖች የሚቀመጡበት የሴል ክፍል) ስለሌላቸው ኢንዛይሙን እንደገና መተካት ይቸግራቸዋል። ስለዚህ አንዴ የተዘጋች ፕሌትሌት እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ፣ እንደተዘጋች ትቀራለች። ሐኪም አንዳንዴ ከቀዶ ሕክምና ቀደም ብሎ አስፕሪን እንድናቆም የሚነግረን ለዚህ ነው። በጡብ ሥዕል ይህን ሁሉ ማስረዳት አይቻልም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ። ፍሪ ራዲካል ንጹሕ መርዝ ነው ይላሉ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዴንሃም ሃርማን በ1956 እርጅና የሚመጣው ፍሪ ራዲካል ከሚያደርሰው ጉዳት ነው የሚል መላምት አቀረበ። በ1969 ደግሞ ጆ ማኮርድና አርዊን ፍሪዶቪች ሱፐርኦክሳይድ የሚባለውን ፍሪ ራዲካል የሚያጠፋ ኢንዛይም ከከብት ደም አገኙ። ሰውነት ማጥፊያ ካዘጋጀለት ጎጂ መሆን አለበት ተባለ። ጉዳቱ እውነት ነው። ሲበዛ ዲኤንኤን ያበላሻል፤ የሴል ሽፋንን ያበላሻል፤ ፕሮቲንንም ያበላሻል። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም።

ግን ኢንሱሊንን እንይ። ጽሑፉ ለስኳር ሕመምተኞች የተጻፈ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። ኢንሱሊን ሴል ላይ ሲያርፍ የሚቀበለው ፕሮቲን ራሱ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። መልእክቱ ወደ ውስጥ የሚያልፈው በዚያ ፎስፌት ነው። ፒቲፒ1ቢ የሚባል ኢንዛይም ደግሞ ፎስፌቱን ይነቅላል። ዝም ብሎ ቢነቅል መልእክቱ ሳይደርስ ይጠፋል። ታዲያ ሴሉ ምን ያደርጋል? ሆን ብሎ ትንሽ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሠራል። ያው ቁስል የምናጥብበት ፈሳሽ ነው። (በነገራችን ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በኬሚስትሪ ፍሪ ራዲካል አይባልም። ጸሐፊው ሁሉንም በአንድ ስም ጨፍልቀውታል።)

ፒቲፒ1ቢ እምብርቱ ላይ ሲስቴይን የሚባል አሚኖ አሲድ አለው። ሲስቴይን ድኝ ይዟል። ፐርኦክሳይዱ ያን ድኝ ኦክሲዳይዝ ያደርገዋል፣ ማለትም ኦክሲጅን ያያይዝበታል፤ ኢንዛይሙም ለጊዜው ይቆማል። በዚህ መሀል የኢንሱሊን መልእክት ይደርሳል። ግሉት4 የሚባለው የስኳር መግቢያ በር ወደ ሴሉ ሽፋን ይወጣል። ስኳር ይገባል። በኋላ ድኙ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ኢንዛይሙም ሥራውን ይቀጥላል። ኢንሱሊን በደንብ እንዲሠራ ትንሽ ኦክሲዴሽን ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በ2004 በወጣ ጥናት፣ ፐርኦክሳይድን የሚያጠፋው ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ 1 እንዲበዛባቸው የተደረጉ አይጦች ወፈሩ፤ ሰውነታቸውም ኢንሱሊንን አልሰማ አለ። በ2009 ደግሞ ተቃራኒው ታየ። ይህ ኢንዛይም የሌላቸው አይጦች ቅባት የበዛበት ምግብ እየተሰጣቸውም ኢንሱሊንን ከሌሎቹ በተሻለ ይሰሙ ነበር። አይጥ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን "ፐርኦክሳይድን ባጠፋን ቁጥር ስኳራችን ይሻላል" ለሚል ሰው ይህ ውጤት ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ነጭ የደም ሴሎቻችንም ባክቴሪያ ሲውጡ ሱፐርኦክሳይድ ይለቁበታል። ይህን መሥራት ሳይችሉ የሚወለዱ ልጆች አሉ። ሕመማቸው ክሮኒክ ግራኑሎማተስ ዲዚዝ ይባላል። ሌላው ልጅ በቀላሉ የሚያልፈው ኢንፌክሽን እነሱን ደጋግሞ ሆስፒታል ያስተኛቸዋል።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ከሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ጸሐፊው ሴል ራሱን መከላከል አይችልም ይላሉ። እንደ እኔ ከሆነ ሴል ውስጥ ካሉት ነገሮች በጥንቃቄ የተሠራ አንድ ነገር ምረጪ ብባል ይህንኑ መከላከያ እመርጣለሁ።

መጀመሪያ በሰከንዶች የሚመጣውን ምላሽ እንመልከት። ግሉኮስ ኃይል ለመስጠት የሚፈጭበት ዋና መንገድ አለ። በዚህ መንገድ መሀል ላይ ጋፕዲኤች የሚባል ኢንዛይም ይገኛል። እሱም እምብርቱ ላይ ድኝ ያለው ሲስቴይን አለው። ፐርኦክሳይድ በድንገት ሲበዛ ይህ ድኝ ኦክሲዳይዝ ይሆንና መንገዱ ይዘጋል። ላይ ላዩን ሲታይ ጉዳት ይመስላል። ግን መንገድ ሲዘጋ ታክሲ ውስጥ ለውስጥ እንደሚዞር ሁሉ ግሉኮሱም በጎን መንገድ ይታጠፋል። የጎን መንገዱ ኤንኤዲፒኤች የሚባል ረዳት ሞለኪውል ያመርታል። ኤንኤዲፒኤች ደግሞ ግሉታታዮንን ያድሳል። ግሉታታዮን ሴል ራሱ የሚሠራው አንቲኦክሲዳንት ነው፤ እንደ ጸሐፊው ብልቃጥ ከሱቅ አይመጣም። ይህ የመንገድ መቀየር በ2007 እርሾ ላይ በጥሩ ሁኔታ ታይቷል።

ግሉታታዮን ሌላም ሥራ አለው። ኦክሲዳይዝ የሆነው ድኝ ላይ ራሱ ይለጠፋል፤ እንደ ክዳን። ድኙ እንደተከደነ ስለሚቆይ ወደማይመለስበት ደረጃ አይሄድም። አደጋው ሲያልፍ ክዳኑ ይነሳል። ኢንዛይሙ እንደነበረ ይመለሳል።

የጎን መንገዱን የሚከፍተው ኢንዛይም ጂ6ፒዲ ይባላል። ስሙን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። እሱም የራሱ ልጥፍ አለው። አሴቲል ሲለጠፍበት ይዳከማል። በ2014 በወጣ ጥናት እንደታየው፣ ሴል በኦክሲዴሽን ሲጨናነቅ ሰርት2 የሚባል ኢንዛይም አሴቲሉን ይነቅልለታል። ጂ6ፒዲ ይነሳና ኤንኤዲፒኤች ይጨምራል። አንድ ቦታ ልጥፍ መንገድ ይዘጋል፤ ሌላ ቦታ ልጥፍ ተነቅሎ መንገድ ይከፈታል። ሁለቱም ወደ አንድ ግብ ይሠራሉ።

ቀጥሎ በሰዓታት የሚመጣው አለ። ነርፍ2 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ሥራው የመከላከያ ጂኖችን ማስነሳት ነው። በሰላም ጊዜ ግን ኪፕ1 የሚባል ዘበኛ ይይዘዋል። ኪፕ1 ነርፍ2 ላይ ዩቢኩዊቲን እንዲለጠፍበት ያደርጋል። ዩቢኩዊቲን የተለጠፈበት ፕሮቲን ወደ መፍጫ ይሄዳል። (የዩቢኩዊቲንን ሥራ ያገኙት አሮን ቺካኖቨር፣ አቭራም ኸርሽኮና ኧርዊን ሮዝ በ2004 ኖቤል ተሸልመውበታል።) ስለዚህ ካለው ነርፍ2 ግማሹ የሚጠፋው በ20 ደቂቃ ያህል ውስጥ ነው። ሴሉ ሁልጊዜ ይሠራዋል፤ ሁልጊዜም ያጠፋዋል። ብክነት ሊመስል ይችላል። ለድንገተኛ አደጋ ግን ከዚህ የፈጠነ መንገድ የለም፤ ማጥፋቱን ማቆም ብቻ ይበቃልና።

ኪፕ1 አደጋውን በምን ያውቃል? በራሱ ሲስቴይኖች ነው። ኦክሲዳንት ወይም ሌላ ንቁ ኬሚካል ሲመጣ ድኞቹን ይነካቸዋል። ዘበኛው ቅርጹ ይለወጣል። ነርፍ2ን ወደ መፍጫ መላክ ያቅተዋል። ነርፍ2 ይከማቻል፤ ወደ ኒውክለስ ይገባል፤ ብዙ ጂኖችን በአንዴ ያስነሳል። ግሉታታዮን የሚሠሩት አሉበት፤ መርዝ የሚያከሽፉት አሉበት፤ ጂ6ፒዲም አለበት። ኪፕ1ን በ1999 ለዓለም ያሳወቀው ጃፓናዊው ማሳዩኪ ያማሞቶና ባልደረቦቹ ናቸው። ጸሐፊው ጠላት ያሉት ኦክሲዴሽን እዚህ ላይ ወሬ ነጋሪ ሆኖ ነው የምናገኘው። ዘበኛው ወሬውን ካልሰማ ሠራዊቱ አይነሳም።

ኃይል ማመንጫው ውስጥ፣ ማለትም ሚቶኮንድሪያ ውስጥ፣ ሌላ ነገር አለ። ሶድ2 የሚባለው ሱፐርኦክሳይድ አጥፊ ኢንዛይም አሴቲል ሲለጠፍበት ይደክማል። ሰርት3 ይህን ይነቅልለታል። ሰርት3 የሚሠራው ኤንኤዲ በሚባል ረዳት ነው፤ እሱም ከምግብ አወሳሰዳችን ጋር ይያያዛል። በ2010 በወጣ ጥናት ምግባቸው ለወራት የተቀነሰ አይጦች ከእርጅና የሚመጣ የመስማት ችግር ቀነሰላቸው። ሰርት3 የሌላቸው አይጦች ግን ምግባቸው ቢቀነስም አልተጠቀሙም። ይህን ስናገር ተማሪዎቼ ወዲያው "ታዲያ ጾማችንስ?" ይሉኛል። የእኛ ጾም ከአይጦቹ ጋር አንድ ነው ብዬ አልመልስም። የጾም በየዓይነቱ ላይ ዘይቱ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ የለውም፤ ጂን ማስነሳት አይችልም። ሆኖም ፐርኦክሲሬዶክሲን የሚባለው ፕሮቲኑ በ24 ሰዓት ዑደት ኦክሲዳይዝ እየሆነ ይመለሳል። ይህ የታተመው በ2011 ነው። ያለ አንድም ጂን፣ በድኝና በኦክሲጅን ብቻ የሚሄድ ሰዓት።

አሁን "በበዛ ቁጥር ይሻላል" ወደሚለው ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ በሰው ላይ ተሞክሯል። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች ተመርጠው ለተወሰኑት ቤታ ካሮቲን ተሰጠ። ውጤቱ በ1994 ሲወጣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 ከመቶ በልጦ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኤ አንድ ላይ የተሞከረበት ሌላ ጥናት በ1996 ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ፤ ምክንያቱም ያው የሳንባ ካንሰር ነው። በ2011 ደግሞ በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ የወሰዱ ወንዶች የፕሮስቴት ካንሰራቸው በ17 ከመቶ ከፍ ብሎ ታየ።

ለምን? አንዱ መልስ ከላይ ያልነው ውስጥ ነው። የካንሰር ሴልም ከኦክሲዴሽን መዳን ይፈልጋል። በብዙ የሳንባ ካንሰሮች ኪፕ1 ተበላሽቶ ነርፍ2 ሁልጊዜ እንደተነሳ ይገኛል። በ2014 ስዊድን ውስጥ በተሠራ ጥናት ቫይታሚን ኢ ወይም ኤንኤሲ የሚባል ሌላ አንቲኦክሲዳንት የተሰጣቸው አይጦች የሳንባ ዕጢያቸው በፍጥነት አደገ። በሌላ በኩል ፒኬኤም2 የሚባለው የግሉኮስ መንገድ ኢንዛይም ኦክሲዴሽንን የሚሰማበት ድኝ በሌላ ሲተካ፣ የካንሰር ሴሎቹ ግሉኮሱን ወደ ጎን መንገድ ማጠፍ አቃታቸው። አይጥ ላይ ያበቀሉት ዕጢም ትንሽ ሆነ። ይህ የ2011 ሥራ ነው። አንዲት ድኝ ብቻ ናት የተቀየረችው።

ባልታመመ ሰው ላይ የሆነውንም ልንገራችሁ። በ2009 በወጣ የጀርመን ጥናት ወጣት ወንዶች ለአራት ሳምንት ስፖርት ሠሩ። ገሚሶቹ በቀን 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲና 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ይወስዱ ነበር። ቫይታሚን ያልወሰዱት ሰውነታቸው ኢንሱሊንን በተሻለ መስማት ጀመረ። የወሰዱት ግን ይህን ጥቅም አላገኙም። ስፖርቱ ያመጣውን ወሬ እንክብሉ አጥፍቶታል። ጠዋት ጠዋት ለስኳሩ ብሎ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የሚሮጥ ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ቫይታሚን የሚያስፈልገው ሰው የለም እያልኩ አይደለም። እጥረት ካለ ይሞላ። ሐኪም ያዘዘውም ይወሰድ። እኔ የምናገረው እጥረት ሳይኖር በትልቅ መጠን ስለሚዋጠው ነው።

ስለ ጎመንና ሰናፍጭ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ብሉ ማለታቸውን እደግፋለሁ። የሰጡት ምክንያት ግን ተገልብጧል። ሰናፍጭ ሲፈጭና ሲታሽ አፍንጫ ድረስ የሚወጣው ያ የሚያቃጥል ነገር አይሶታዮሳያኔት ይባላል። የሀበሻ ጎመንም ከዚያው ቤተሰብ ስለሆነ ሲከተፍ ይሠራዋል፤ ፌጦም እንዲሁ። እነዚህ ኬሚካሎች ከድኝ ጋር መጣበቅ ይወዳሉ። ሴል ውስጥ ሲገቡ ኪፕ1ን ይነኩታል። ማለትም የሚጠቅሙን በትንሹ ስለሚነኩን፣ ዘበኛውን ስለሚቀሰቅሱልን ነው። ከብሮኮሊ የወጣው ሰልፎራፌን በ1992 ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ በፖል ታላላይ ቡድን ተለይቶ የታወቀው በዚህ ዓይነት ሥራው ነው። ኤምኤስ ለሚባለው የነርቭ ሕመም በ2013 አሜሪካ የፈቀደችው ዳይሜቲል ፉማሬት የሚባል መድኃኒትም የኪፕ1ን ድኝ ይነካል።

ታዲያ ነርፍ2ን ሁልጊዜ እናስነሳው? አይሆንም። ባርዶክሶሎን የሚባል ጠንካራ የነርፍ2 ቀስቃሽ የስኳርና የኩላሊት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር በ2012 እንዲቆም ተደረገ፤ የልብ ድካም በዝቶ ስለታየ ነው። አንድ ሳህን ጎመን ሌላ፣ ቀኑን ሙሉ የማይጠፋ ማንቂያ ሌላ።

"ለማንም ሰው ጉዳት የለውም" የሚለው ዐረፍተ ነገር ከሁሉ ይበልጥ አሳስቦኛል። ጂ6ፒዲን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ይህ ኢንዛይም በዘር የሚጎድላቸው ሰዎች በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ቀይ የደም ሴል ኤንኤዲፒኤች የሚያገኝበት ሌላ መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኦክሲዴሽን ሲመጣበት ግሉታታዮኑን ማደስ ያቅተዋል። ሄሞግሎቢኑ ይበላሻል። ሴሉ ይፈነዳል። ሰውዬው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ሽንቱ ኮካ ኮላ ይመስላል።

ምን ያነሳዋል? አንዱ ባቄላ ነው፤ በተለይ እሸቱ። ባቄላ በብዛት ከሚያመርቱት ሀገሮች አንዷ ደግሞ የእኛው ኢትዮጵያ ናት። ሌላው ፕሪማኪን ነው። ቪቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ፣ እሱን ከሥሩ ለመንቀል ፕሪማኪን ይሰጣል። የጂ6ፒዲ እጥረት የታወቀውም በ1956 ፕሪማኪን ወስደው ደማቸው በፈረሰባቸው ሰዎች ነው። ሦስተኛው የጽሑፉ ወዳጅ ራሱ ነው፦ ቫይታሚን ሲ። በከፍተኛ መጠን፣ በተለይ በደም ሥር ሲሰጥ፣ ጂ6ፒዲ በጎደለው ሰው ላይ ደም እንዳፈረሰ ተመዝግቧል። አንቲኦክሲዳንት የተባለው ነገር በብዛት ሲሆን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። ስልጆ ሳይ ሁልጊዜ ይህን አስባለሁ። አንድ ሳህን ላይ ባቄላም ሰናፍጭም አለ። ለአብዛኞቻችን ጥሩ ምግብ ነው። ጂ6ፒዲ ለጎደለው ሰው ግን ሳህኑ ውስጥ ያለው ባቄላ ሌላ ነገር ነው። "ለማንም" ብሎ መጻፍ የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ሜትፎርሚን ነው። ጸሐፊው ሜትፎርሚን ሴልን ያስጨንቃል ይላሉ። ልክ ናቸው፤ በትንሹ ያስጨንቀዋል። የሚቶኮንድሪያን ሥራ በጥቂቱ ይይዘዋል። ሴሉ ኃይል ያነሰው ይመስለዋል። ይህን ጊዜ ኤኤምፒኬ የሚባል ኢንዛይም ላይ ፎስፌት ይለጠፋል። ኤኤምፒኬ ሲነቃ ስብ የሚሠራውን ኢንዛይም ራሱ ፎስፌት ለጥፎ ያስቆመዋል። ጉበት ላይ ያለው ስብ ይቀንሳል፤ ኢንሱሊንም ይሰማል። ይህ ከመድኃኒቱ ሥራዎች አንዱ ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። ግን ክብደቱን የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በ2013 በወጣ ጥናት ያ ፎስፌት የሚለጠፍበት ቦታ ብቻ የተቀየረባቸው ወፍራም አይጦች ሜትፎርሚን ሲሰጣቸው ኢንሱሊን የመስማት ለውጥ አላሳዩም።

ማስጨነቁን አይተው መርዝ ነው ብለው ደመደሙ። በትልቁ የእንግሊዝ የስኳር ጥናት ግን፣ ውጤቱ በ1998 በወጣው፣ ክብደታቸው ከፍ ያለና ሜትፎርሚን የጀመሩ ሰዎች ከስኳር ጋር የተያያዘ ሞታቸው በ42 ከመቶ ቀንሶ ነበር። መድኃኒቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኩላሊት መታየት አለበት። ቫይታሚን ቢ12ም ለረጅም ጊዜ በሚወስዱት ላይ ሊወርድ ስለሚችል መለካት አለበት። ጸሐፊው ይህን ጽፈው ቢሆን አመሰግናቸው ነበር። "ቢቀር ይመረጣል" ግን ለስኳር ሕመምተኛ የሚጻፍ ቃል አይደለም።

አክስቴ መድኃኒቷን ትታ ሁለት ወር ቆይታ ነበር። ምርመራ ስንወስዳት ከ7 ትንሽ ከፍ ብሎ የነበረው የሦስት ወር ስኳሯ ወደ 9 ተጠግቷል። ሐኪሟ አልተቆጣትም። ኩላሊቷን አይቶ መድኃኒቱን መለሰላት። ሄሞግሎቢኗ ላይ የተለጠፈው ስኳር ግን የሚሄደው ሴሎቹ አርጅተው በሌላ ሲተኩ ነው፤ መጠበቅ አለባት።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናለሁ። ሌላውን እንዳለ ይተዉት፤ እንከራከርበታለን። ስለ ሜትፎርሚን የጻፉትን አንቀጽና "ለማንም ጉዳት የለውም" የሚለውን ግን ያውጡልን። አክስቴ ጽሑፉን ለስድስት ሰው አስተላልፋ ነበር። ከስድስቱ ሁለቱ የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ። ይህን ምላሽ ለስድስቱም ራሷ እንደምትልክላቸው ነግራኛለች፤ ለሁለቱ ግን ቀድማ ደውላለች።